ቢራ የማይሸጠው ግሮሰሪያችን

ውድ ባሌ፣ አባ ለሊሴ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጥቶ የነቀምቴ ሰማይ ጠርቷል። ኑሯችን በኦሮምኛ ቢሆንም፣ ትምህርት ቤት እንዳስተማሩን፣ ደብዳቤ የምንጻጻፈው በአማርኛ ነበርና ዛሬም በዚያው እጽፍልሃለሁ። እጄ አርጅቷል እንጂ መስመር አልለቅም።

ቤት ደህና ነው። ጣሪያው ታድሷል። አቮካዶህ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። የነቀምቴውንም፣ የሲሬውንም፣ የአንገር ጉቲኑንም ሱቅ ልጃችን ይዛቸዋለች። ለሊሴን ታውቃታለህ፤ ዕቃ ስትደረድር አንተን፣ ሰው ስትቆጣ እኔን ትመስላለች።

አሁን የምጽፍልህ ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። በሕይወት ሳለህ ደጋግሜ ጠይቄህ ፈገግ ብለህ ያለፍከው ነው። «ግሮሰሪ» የሚለውን ቃል ለምን አልቀየርከውም?

እንዴት እንደመጣማ አውቃለሁ። የሚስዮን ትምህርት ቤቱ የእንግሊዝኛ መምህር ዱቄት፣ ስኳርና ሳሙና የሚሸጥበት ቤት ግሮሰሪ ይባላል ብሎ አስተማረህ። አንተም አምነህ ታፔላው ላይ በትልልቁ አስጻፍከው። አገሩ ግን ግሮሰሪ የሚለው መጠጥ ቤትን ነው። ሱቁ በተከፈተ ቀን ሁለት ሰዎች ገብተው የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጡና ቢራ አዘዙ። ብዙም ሳይቆይ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ፊታቸውን አጥቁረው መጡ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ ባንኮኒው ሥር ቢፈትሽ ያገኘው የጨው ከረጢት ነበር። ጸልየው፣ ሳሙና ገዝተው ሄዱ። እኔም «ሸቀጣ ሸቀጥ» ይባል፣ ትክክለኛው ቃል እሱ ነው አልኩህ። ፈገግ ብለህ ሰማኸኝ። ሲሬ ስትከፍት ያንኑ አስጻፍክ፤ አንገር ጉቲን ስትከፍትም ያንኑ። በሌላው ነገር ሁሉ እሺ የምትለኝ ሰው በዚህ አንድ ቃል ላይ ምን ያዘህ?

ዘንድሮ ለሊሴ የሦስቱንም ታፔላ አውርዳ «ሱፐርማርኬት» ልታስብል ተነሣች። ምክንያቷ ባዶ አይደለም። ከሌላ ክልል የሚመደቡት ሠራተኞችና የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች መጠጥ ቤት መስሏቸው በበራችን አልፈው ይሄዳሉ። ሴቶቹማ ቀና ብለውም አያዩ። «ሀርሜ፣ እናቴ፣ በገዛ ታፔላችን ሰው እያባረርን ነው» አለችኝ። ሆኖም የአባቷ ቃል ነውና ብቻዋን ልትፍቀው አልደፈረችም፤ ውሳኔውን ለእኔ ተወችው። ታፔላ ሠሪው የእኔን መልስ ይጠብቅ ጀመር።

ለትክክለኛ ቃል የምሟገተው እኔ ወዲያው እሺ ማለት ነበረብኝ። ግን ያልነገርከኝን ምክንያት ሳላውቅ እንዴት ላስፍቀው? በሁለቱ ሱቆች የሚያውቅ ሰው ካለ ልጠይቅ ብዬ፣ ጃንጥላዬን ይዤ ወደ ሲሬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሲሬ ስንደርስ ረዳቱ የመኪናውን በር እየደበደበ «ደረቁ ግሮሰሪ ጋ ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ደሜ ፈላ። ማንን ነው ደረቅ ያልከው፣ ባለቤቱ ባሌ ነበር አልኩት።

«ኧረ ሀርሜ ኮ፣ ሰው አልሰደብኩም!» አለ። «መጠጥ ስለሌለው እኮ ነው። እርጥቡ ግሮሰሪ ማዶ ነው!»

ሚኒባሱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳልፈልግ ሳቅሁ። ለካ ሲሬ የሚያውቀን በዚህ ስም ነው፤ እኔ ፊት ለመጥራት የደፈረ አልነበረም እንጂ። አንተስ ታውቅ ነበር?

በማግስቱ ወደ አንገር ጉቲን ወረድኩ። መንገዱ ያው እንደምታውቀው አጥንት ያላላል። ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ ሻጭ የሆነችው የወሎዋ ዘውዴ አቅፋ ተቀበለችኝ። ግድግዳው ሥር ባለው ረጅም አግዳሚ ላይ አስቀምጣኝ ጥያቄዬን ስትሰማ ዓይኗን አፈጠጠች። «አልነገረዎትም እንዴ እማማ? እዚህ መጀመሪያ ቢራ ፍለጋ የገባው የእኔው ባል እኮ ነው!»

የነገረችኝ እንዲህ ነው። አላስወጣኸውም። አግዳሚው ላይ አስቀምጠህ ከጎረቤት ሻይ አስመጣህለትና ስለ ማሽላው፣ ስለ ወባው ስትጫወቱ ዋላችሁ። ሰውየው መጠጥ መተው እየፈለገ የጓደኞቹን ፌዝ ይፈራ ነበር። ከዚያ ወዲህ የት ዋልክ ሲሉት «ግሮሰሪ» ይላል። «አልዋሸማ!» አለች ዘውዴ ጉልበቷን እየመታች። ቀስ በቀስ እንደሱ የቸገራቸው ሌሎች ሰዎችም እየመጡ አግዳሚውን ሞሉት።

አባ ለሊሴ፣ ቃሉን ያልቀየርከው ለዚህ ብለህ ነው? ወይስ የመምህርህን ቃል ላለመሻር ብቻ? ወይስ ሰው ተሳስቶ ሲገባልህ ደስ ይልህ ነበር? ዘውዴንም ብጠይቃት አታውቅም። እሷም ጠይቃህ ፈገግ ብለህ አልፈሃታል።

ስመለስ ለሊሴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ቃሉ አይፋቅም አልኳት። ቅር አላት። «ሀርሜ፣ ተማሪዎቹስ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ታሪኩን የማያውቅ እንግዳ በምን ይግባ? መንገዱን ሁሉ ሳስብበት ነበርና ወረቀት አምጪ አልኳት። ታፔላ ሠሪው ፊደል እንዳይስት በእጄ «ደረቁ ግሮሰሪ» ብዬ ጻፍኩ። ለሊሴ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው።

«አባባን ደረቅ ብለው ሰደቡት አይሉንም?» አለችኝ።

ይበሉ፣ አባትሽ ሁለቱንም ነበር፤ መጠጥ የማይነካም፣ ሐሳቡን የማይለውጥም አልኳት። ሳቋ እንባዋን ይዞት መጣ።

የነቀምቴው ታፔላ ትናንት ተሰቀለ። ሁለት ሴት ተማሪዎች ቆመው አነበቡት፤ ተያዩ፤ ተገፋፍተው ገቡና ብስኩት ገዙ። የሲሬውና የአንገር ጉቲኑ በቅርቡ ይደርሳሉ።

መልሱን ይዘህብኝ ሄደሃል፤ እኔም ጥያቄውን አልተውልህም። በየጠዋቱ ሱቁ ሲከፈት ደጃፉ ላይ ቆሜ ታፔላውን አነብባለሁ፤ ለምን እንደሆነም እጠይቅሃለሁ። ዕድሜ እስካለኝ ድረስ አንተን የማስበው እንዲህ ነው።

ያንተው፣
የለሊሴ እናት