ስለ አራቱ የእሳት ዓምዶችና ስለ ወንድሜ ፀጉር

ለተከበሩ አቶ ቶርስተን ሉንድኬ
የስዊድን የዘፈን ልዑካን ቡድን መሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰላም፣ ቅንድብዎና ሽፋሽፍትዎም አንድ ሳይጎድል በየቦታቸው ያሉ እንዲሆኑ ከልብ የመነጨ ምኞቴን በቅድሚያ አቀርባለሁ።

«እርስዎ» በማለቴ እንዳይደነግጡ። በአገራችን ከሃምሳ ዓመት ወዲህ ሚኒስትሩም የጽዳት ሠራተኛውም አንተና አንቺ ተባብለን የምንኖር ሰዎች መሆናችንን አልዘነጋሁም፤ ስዊድናዊ ለስዊድናዊ በድንገት አክብሮት ሲያበዛበት ምን ማለት እንደሆነም ሁለታችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «እርስዎ» የሚለው ቃል በመጣ ቁጥር የሚገባውን ያህል እንዲሰማዎ በትሕትና እለምናለሁ።

አኔሊ ሴደርብላድ እባላለሁ፤ በሶደርሃምን ከተማ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ሃያ ሁለት ዓመት ያስቆጠረች ፀጉር ቤት አለችኝ። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ በአህጉሩ የዘፈን ውድድር ፍጻሜ ላይ አገራችንን ወክሎ የሚቆመው የ«አልማዝ ቁራዎች» ባንድ ድምፃዊ ሃምፑስ ታናሽ ወንድሜ ነው። ያ በየጋዜጣው ሽፋን ላይ የሚታየው፣ ከአናቱ ሽቅብ ሃያ ስምንት ሴንቲሜትር የቆመው ጥቁር ፀጉር ደግሞ የእኔ የእጅ ሥራ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ ፊቱን ብጉር ወርሶት ከቤት አልወጣም ባለበት ክረምት፣ ኩሽናችን ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቆምሁለት እኔ ነኝ። በማግስቱ ቀና ብሎ ትምህርት ቤት ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አንገቱን ደፍቶ አላየሁትም። በዚያ ፀጉር ላይ የሚደርስ ነገር ሁሉ ይመለከተኛል ብዬ ብደፍር እንግዲህ አይፍረዱብኝ።

ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቢሮዎ በቁጥር ያልቀረበ ነገር እንደማይመቸው ተነግሮኛልና።

አንደኛ፤ ባለፈው መጋቢት ባንዱ የአገር ውስጡን ውድድር ሲያሸንፍ ከበስተኋላው ሁለት ትንንሽ የእሳት ዓምዶች ይነዱ ነበር። በማግስቱ ፀጉሩን ሳጥብለት በግራ በኩል ያለው ጫፍ ተለብልቦ አገኘሁት። የተለበለበ ፀጉር ጫፉ ላይ ቋጠሮ ይሠራል፣ በጣት ሲይዙት ይፈረፈራል፣ ሽታውም ቶሎ ከአፍንጫ አይወጣም፤ ይህን ለማወቅ የልዑካን ቡድን መሪ መሆን አያስፈልግም፣ ፀጉር ሠሪ መሆን ይበቃል። አንዲት ዘለላ ቆርጬ ከማብራሪያ ጋር በፖስታ ላክሁልዎ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግ መልስዎ ደረሰኝ፤ ስለ «ውቡ ማስታወሻ» አመስግነው፣ በቢሮአችሁ ሰሌዳ ላይ እንደተለጠፈና ሠራተኞቹ ሁሉ አብረውት ፎቶ እንደተነሡ ገልጸውልኛል። ወንድሜ ሊቃጠል እንደሚችል የሚያስረዳ ማስረጃ እንዲህ ያለ ክብር ያገኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብሁም ነበር።

ሁለተኛ፤ ደግሜ ስጽፍልዎ ከጉዞ ድካም አሳረፉኝ፤ ለዚህ ባለውለታዎ ነኝ። በእኔ ቦታ ከዋና ከተማው አንዲት የመልክ አማካሪ ተቀጠረች፤ በአዳራሹ በር የሚያሳልፈው ካርዴም ተሰረዘ። ስለ አማካሪዋ ክፉ መናገር አልሻም። ብቻ ፀጉር የምናቆምበት ስፕሬይ አልኮልና ጋዝ ያለበት ነገር ነው፤ ጣሳው ላይ በቀይ የተሣለችው ነበልባል ለጌጥ አልተሣለችም። እኔ ከመድረክ አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ እጨርስለትና መስኮቱን ከፍቼ፣ ደርቆ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ አስቀምጠው ነበር። አሁን ግን የመጨረሻው ስፕሬይ የሚነፋበት ከመጋረጃው ጀርባ፣ በሁለት ዘፈኖች መካከል ባለችው አርባ ሰከንድ ውስጥ ነው። ሃምፑስ ራሱ በስልክ እየሳቀ ነገረኝ፦ «አኒ፣ ሙሉ ጣሳ እኮ ነው የምትጨርስብኝ! ልወጣ ስል ገና አንገቴ ላይ እየተንጠባጠበ ነው።» እኔ አልሳቅሁም።

ሦስተኛ፤ ባንዱ ማክሰኞ ማጣሪያውን አለፈ፣ ጋዜጦቹ ግን «ቀዝቃዛ ነበር» ብለው ጻፉ። እርስዎም በማግስቱ ጠዋት ስብሰባ ጠሩ። የስብሰባውን ማስታወሻ ሃምፑስ ልኮልኝ አንብቤዋለሁ፤ የቀረፋ ዳቦው ትኩስ እንደነበረ እንኳ ተጽፏል። አንድ ሰው እሳቱ ከኋላ ወደ ጎን ይምጣ አለ፤ ሁሉም ተስማማ። ሌላው ከሁለት አራት ይሁን አለ፤ ሁሉም ተስማማ። ሦስተኛው ደግሞ ፀጉሩ ሕይወት እንዲኖረው ከቀኝ በኩል የንፋስ ማሽን ይነፋበት አለ፤ በዚህም ሁሉም ተስማማ። የአገሬን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ በስብሰባ ላይ «ቆይ እስቲ» ብሎ የሁሉንም ፊት ወደ ራሱ ከማዞር ሌላ ዳቦ ማንሣት ይቀለናል። በዚያ ክፍል ውስጥ ቢያንስ አንዱ በልቡ ንፋስና እሳት አብረው ሲሄዱ ምን እንደሚሆኑ አስቦ ዳቦውን እንዳነሣ እርግጠኛ ነኝ። ምናልባት እርስዎ ራስዎ ይሆናሉ።

አራተኛ፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አዲሱ እሳት ተፈተነ፤ ወረቀቱም «ተፈትኗል፤ ምንም አስተያየት የለም» ይላል። ድምፃዊው ዕረፍት ላይ ስለነበር እንደ ልማዱ እርሱ በሚቆምበት የመድረክ ምልክት ላይ ሌላ ሰው እንዲቆም ተደረገ። ሃምፑስ «እሳቱን እዪው፣ እንዴት ያምራል!» ብሎ ቪዲዮውን ላከልኝ። እኔ ያየሁት ግን ከእሳቱ መሐል የቆመውን ሰው ነው። ያገኛችሁት ሰው ራሰ በራ ነበር።

አዎ፣ ክቡር ሆይ፣ ራሰ በራ፤ በተራ ሸራ ጫማ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ፣ ሦስት ደቂቃ ሙሉ አንድ ቦታ ላይ የቆመ ትዕግሥተኛ ሰው። ቁመቱን ጠይቄ አጣርቻለሁ፤ አንድ ሜትር ከሰባ አንድ ነው። ወንድሜ አንድ ሜትር ከሰማንያ አራት ነው፣ ሶሉ አሥራ ስድስት ሴንቲሜትር የሆነ ብርማ ቡትስ ያደርጋል፣ በዚያ ላይ የእኔ ሃያ ስምንት አለበት። የፈተናችሁት ሰውና የምታቆሙት ሰው በሃምሳ ሰባት ሴንቲሜትር ይለያያሉ። የእሳቱ ዓምድ ደግሞ ከታች ቀጭን ሆኖ ከላይ እየሰፋ እንደሚሄድ በራሳችሁ ቪዲዮ ላይ ይታያል፤ ወገብ ጋ አንድ ሜትር ተኩል የሚርቀው፣ ፀጉሩ ጫፍ ጋ ስንት እንደሚቀረው የለካ ሰው የለም። ራሰ በራው ሰው አልዘፈነም። በመጨረሻው አዝማች ላይ ሃምፑስ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንደሚያደርገው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ራሱን አልወረወረም። የንፋስ ማሽኑም ያኔ ገና ከመኪና አልወረደም ነበር።

አምስተኛ የሚል ነገር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ። ቁጥሩን እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኛል።

ትናንት ማምሻውን ለሃምፑስ ደወልሁለት። «አኒ፣ በናትሽ ተይ! ሰዎቹ እኮ ባለሙያዎች ናቸው፤ እነሱ ያላዩት ነገር ላንቺ ይታይሻል?» አለኝ። ስለ ራሰ በራው ሰው ስነግረው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሺ፣ አሁን እኔ ፈራሁ ብል ምን ይሉኛል? እሳቱ ቀርቶ ብንሸነፍ ጥፋቱ የኔ ነው የሚሆነው። አሥራ አራት ዓመት ነው የለፋሁበት። አታበላሽብኝ፣ እሺ እህቴ?» አለኝ። ሲጨነቅ ካልሆነ «እህቴ» ብሎኝ አያውቅም።

በከተማችን ደግሞ ደስታ በደስታ ነው። አደባባዩ ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል፣ ቋሊማ ሻጩ ድንኳኑን ከወዲሁ ተክሏል፣ ቅዳሜ ጠዋት ፀጉራችንን እንደ ሃምፑስ ካልሠራሽልን ብለው አሥራ አንድ ልጆች ወረፋ ይዘዋል። ከካስኩ ሥር ተቀምጠው ፀጉራቸውን የሚያደርቁት የሰማንያ አንድ ዓመቷ ደንበኛዬ ወይዘሮ ሲቭ ሳይቀሩ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሁሌ ክፉ ክፉው ነው የሚታይሽ! ልጁ ጦር ሜዳ መሰለሽ የሄደው? ሊዘፍን እኮ ነው!» ብለው በደንበኞቼ ፊት ተቆጡኝ። ወይዘሮ ሲቭን ከእርስዎ የምለያቸው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሳቸው እሳቱን የማጥፋት ሥልጣን የላቸውም።

ይልቅ አንድ ነገር ልንገርዎ። ትናንት ጠዋት ወደ ከተማችን የእሳት አደጋ ጣቢያ ሄጄ ስለ ልጆቹ ፀጉር ጠየቅሁ። አዛዡ የስፕሬዩን ጣሳ ገልብጦ አነበበና፣ «ቅዳሜ አደባባዩ ላይ ሻማም ሆነ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው አይኖርም» አለኝ፤ ማስታወቂያው ከሰዓት በኋላ በየምሰሶው ተለጠፈ። ስብሰባ አልጠራም። ዳቦም አልቀረበም። ስለዚህ የሶደርሃምን ልጆች በካርቶን ጊታር ሲዘሉ ከሲጋራ ጭስ እንኳ የተጠበቁ ይሆናሉ፤ የሚዘሉለት ሰው ግን በዚያው ሰዓት በዚያው ፀጉር በአራት የእሳት ዓምዶች መካከል ይቆማል።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው፣ ብዙም አይደለም። ነገ ዓርብ የመጨረሻው ልምምድ አለ። ፀጉሩ ተሠርቶ፣ ቡትሱን አድርጎ፣ ንፋሱ እየነፋ፣ ርጥብ ብርድ ልብስ የያዙ ሁለት ሰዎች በግራና በቀኙ ቆመው፣ እሳቱ አንድ ጊዜ ይለኮስ፤ እርሱ መጀመሪያ ከዳር ይቁም፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይጠጋ። የሚሆነውን በዓይናችሁ እዩና ወስኑ። ይህንኑ በስልክ ብጠይቅ ቢሮዎ ዛሬ ጠዋት በሰጠኝ መልስ በነገው ልምምድ እሳቱ እንደማይለኮስ፣ ምክንያቱም ሌሎች አገሮች አይተው እንዳይቀዱን መሆኑን፣ «እያንዳንዱ ነገር በተናጠል መፈተኑን» ግን እንዳልጠራጠር ገልጾልኛል። አልጠራጠርም። ስፕሬዩ ያለ እሳት ተፈትኗል፣ እሳቱ ያለ ፀጉር ተፈትኗል፣ ንፋሱም ያለ ሁለቱም ይፈተናል። ሦስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገናኙት ቅዳሜ ነው፣ ስንት ሚሊዮን ሰው እያየ፣ በወንድሜ ራስ ላይ።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በአሽሙር ጻፍሁልዎ፤ አሁን በቀጥታ ልናገር። እፈራለሁ። ሌት ተቀን የሚታየኝ እሳቱ አይደለም፤ ሃምፑስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ፣ ሕዝቡ የትርኢቱ አካል መስሎት ሲያጨበጭብ ነው የሚታየኝ። ያን ፀጉር ያቆምሁት እኔ ስለሆንሁ፣ አንድ ነገር ቢደርስበት እርስዎ በሰላም ሲተኙ እኔ ግን የምተኛበት ቦታ የለኝም።

ለሰጡኝ ትዕግሥት፣ ለማስታወሻዬ ለሰጡት የክብር ቦታ፣ ከድካም ስላሳረፉኝና በእርጋታዎ የአገራችንን መልካም ስም ስለጠበቁ ያለኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽሁ፣ ቅዳሜ ምሽት ከመድረኩ በበቂ ርቀት ምቹ ወንበር እንዲያገኙ እየተመኘሁ፣ በፍጹም ትሕትናና አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣
አኔሊ ሴደርብላድ
ፀጉር ሠሪ፣ የሃምፑስ እህት
ሶደርሃምን፣ ሐሙስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለከተማችን ጋዜጣ ሰጥቼ አሁን ተመለስሁ። አዘጋጁ ጨዋ ሰው ነው፤ አንዲት ቃል ሳይነካ እንደሚያወጣው ቃል ገባልኝ። ብቻ የቅዳሜው ዕትም ከዳር እስከ ዳር በሃምፑስ ባለቀለም ፎቶዎች ስለተሞላ፣ «በደስታ ቀን እንዲህ ያለ ነገር አናወጣም፣ አኔሊ፤ ሰኞ ይሁን» አለኝ። ስለዚህ አሁን ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ አቶ ሉንድኬም ጭምር፣ እኔ ስጽፍ የማላውቀውን ነገር ታውቃላችሁ። ነገሩ በሰላም አልፎ ከሆነ፣ እባካችሁ፣ ሳቁብኝ። እንዲሁ በየቤታችሁ ሳይሆን ፀጉር ቤቴ ድረስ መጥታችሁ፣ በር ላይ ቆማችሁ ሳቁብኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደስታ አይኖረኝም። ፀጉር ቤቷን ዝግ ሆና ካገኛችኋት ግን አታንኳኩ። ለምን እንደተዘጋች አቶ ሉንድኬን ጠይቁ።