የአዛዡ ልጅ

ሰኔ ፲፪ ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ሳሉ ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ እንደ ክፉ ጎረቤት ሆኗል፤ ሲፈልግ ሰላም ይለኛል፣ ሲፈልግ ያኮርፋል። ባለፈው በስልክ ስትጠይቂኝ “ምንም የለም” ያልኩሽ አባትሽ አጠገቤ ስለነበረ ነው። አሁን ወጣ ብሏልና ልንገርሽ።

ታናሽሽ የተዋጊ ጀት ሥልጠናውን ጨርሶ ድንበር ተመደበ። እዚያ ነገሩ እንዴት እንደከረረ በዜና ሳትሰሚ አትቀሪም። የደረሰውም አባትሽ ይመራው የነበረው የተዋጊ አብራሪዎች ጓድ፣ ስኳድሮኑ ነው። መጥቶ ሲነግረን ፊቱ በርቶ ነበር። አባትሽ ትከሻውን መታ መታ አደረገና “አዲሱን ጫማህን ከአሁኑ አለማምደው” አለው።

በሳምንቱ የአየር ኃይሉ አዛዥ ቤታችን መጣ። በልጅነትሽ ትከሻው ላይ የምትወጪበት ያ ቀጭን መቶ አለቃ ነው፤ አሁን ጄኔራል ሆኖ ቦርጩ ከሱ ቀድሞ በር ይገባል። መብረር ያስተማረው አባትሽ ነው። ግድግዳው ላይ ያሉትን ኒሻኖች ሲያይ ቆየና፣ “ጌታዬ፣ አንድ ቃል ይበቃኛል። ልጁን ዋናው መሥሪያ ቤት አስቀርልዎታለሁ” አለ።

የቡናውን ትሪ እንደያዝኩ የአባትሽን አፍ አፍ አየሁ።

“በሱ ቦታ ማን ይሄዳል?” አለ አባትሽ።

“ሌላ አብራሪ አይጠፋም።”

“ያኛው እናት የለውም?”

ጄኔራሉ ዓይኑን ወደ ኒሻኖቹ መለሰ።

“እንግዲያው ተወው” አለ አባትሽ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ትናንት እኔና እሱ “ጨው አቀብይኝ”፣ “በሩን ዝጋው” ከመባባል በቀር አልተነጋገርንም። ጀግና ነው ይሉታል። ጀግና ማግባት እንዴት እንደሚያደክም ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።

አንቺ ሕፃን ስለነበርሽ አታስታውሽም። በጦርነቱ ስኳድሮኑን ሲረከብ ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ጠዋት አንቺን አስቆ ይወጣል፤ እኛ ሚስቶች በየበረንዳው ቆመን የሚመለሱትን እንቆጥራለን። አንድ ከጎደለ፣ የማን ባል እንደሆነ እስኪታወቅ ግቢው ሁሉ ጸጥ ይላል። ክፉውን በረራ ሁሌ ራሱ ይመራል፤ በሥሩ ያሉት አብራሪዎች ሁሉ መሬት ሳይነኩም አውሮፕላኑን አያሳርፍም። አንድ ጊዜ እንዲህ ሲጠብቃቸው ነዳጁ አልቆ ማሳ ውስጥ ወደቀ። ወገቡ የተሰበረው፣ ትልቁን ኒሻን ያገኘውም ያኔ ነው።

ያልተመለሱት አብራሪዎች እናቶች ዘንድ መልእክተኛ ልኮ አያውቅም፤ ራሱ ነበር የሚሄደው። አንዷ በጥፊ አጮለችው። የወደቀ ቆቡን አንስቶ፣ አልቅሳ እስኪወጣላት ፊቷ ቆሞ ጠበቀ። ይህን የነገረኝ ሾፌሩ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ንዴቴ አልበርድ አለኝ። ትናንት እሱ ፋርማሲ ሲሄድ ጠብቄ ለጄኔራሉ ደወልኩለት።

“እትዬ! ምን ልታዘዝ?” አለኝ። ለምን እንደደወልኩ እንደገባው ድምፁ ያስታውቃል።

አፌን ከፈትኩ። በልጄ ምትክ የሚሄደው ያ የሌላዋ ልጅ፣ መልኩን እንኳ የማላውቀው፣ ፊቴ መጥቶ ቆመ።

“ልጆችህ ደህና ናቸው?” አልኩት።

“ደህና ናቸው እትዬ… ሌላስ?”

“ሌላ የለም። ሚስትህን ሰላም በልልኝ” ብዬ ዘጋሁት።

አባትሽ ሲመለስ “ሻይ ላፍላልህ?” አልኩት። እንግዳ ነገር እንደሰማ ሰው ቀና ብሎ አየኝ። ብርጭቆውን ከመስጠቴ በፊት ስኳሩን እኔው አማሰልኩለት።

ወንድምሽ ሲደውልልሽ እንዳታለቅሺበት። ምን እንደበላ ጠይቂው፣ ሳቂለት። የረገጥሽው ሁሉ ይለስልስልሽ፤ ክፉ ይለፍሽ። አራታችንንም አንድ ገበታ ዙሪያ የሚያስቀምጥ ቀን ያምጣልን።

አባትሽ ሰላም ብሎሻል። እውነቱን ለመናገር፣ አላለም። ግን ዛሬ ጠዋት በሩን ዘግቶ ሲጸልይ ሰማሁት። ያንቺን ስም አንዴ ጠራ፤ የታናሽሽን ግን መላልሶ፣ መላልሶ ጠራው። እንዳትቀየሚው።

እናትሽ