ያልተቀመጥነው ለቅሶ

ሰኞ፣ መስከረም 26 ቀን 1979

ካሴቱ ተመለሰ! ኑረዲን ከጃጁራ በርበሬ ጭኖ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። በላስቲክ ጠቅልሎ ከሾፌር ወንበሩ ሥር ሸጉጦት ነበር። «አንቺ፣ ዘፈን ነው ብለሽ የሰጠሽኝ መዝሙር ሆኖ ተገኘ» አለኝ። ሲያሾፍ ነው። ቤተ ጸሎታችን ከታሸገች ወዲህ የኛን መዝሙር ከከተማ ከተማ የሚያደርስልን እሱ ነው። ኬላ ላይ ሲፈትሹት ማንም አይጠረጥረውም፤ ሙስሊም ሾፌር የጴንጤ መዝሙር ምን ሊያደርግለት! ጎረቤታችን ነው፣ ከወንድሜ ከሳሙኤል ጋር አንድ ቆጮ ተሻምቶ ያደገ ነው። ሳሙኤል በሞያሌ አድርጎ ወደ ኬንያ ከሄደ በኋላም እማዬን ሳይጠይቅ የሚያልፍበት ሳምንት የለም።

ካሴቱ ላይ የምዘምረው እኔ ነኝ። ስሜ የለበትም። በአንደኛው ፊት መጨረሻ ላይ ጋሽ ፊልጶስ፣ የመዘምራኑ መሪያችን፣ እንዲህ ብለው ቀድተዋል፦ «ጥያቄ ያላችሁ በሌላኛው ፊት በድምፃችሁ ጠይቁ፤ ወረቀት አትላኩ፤ የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል።» የሰው ድምፅ የማይታወቅ ይመስል! ያኔም ስቄባቸው ነበር።

ነገ ከቢሮ ስመለስ አዳምጠዋለሁ። ቸኩያለሁ። ትንሽ ኩራት ቢጤም ሳይሰማኝ አልቀረም፤ እዚህ ላይ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

ማክሰኞ፣ መስከረም 27

ግማሹን ሰማሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ ጆሮዬን ቴፑ ላይ ለጥፌ።

አንዲት የአንጋጫ ልጅ፦ «እህቴ፣ ስዊድን አገር እንዳለሽ ሰምተናል። እዚያ በመንገድ ስትሄጂ ሰው ያውቅሻል? ታዋቂ መሆን ደስ ይላል?» ስዊድን! እኔ እኮ ከሻሸመኔ አልፌ አላውቅም።

አንዱ ደግሞ ከኋላ የሚሰማው መሣሪያ የየት አገር እንደሆነ ይጠይቃል። የጋሽ ፊልጶስ የስፌት መኪና ነው። እኛ ጓዳ ስንቀዳ መንገድ ላይ ለሚያልፍ ሰው ሥራ ላይ እንዲመስሉ ደጅ ተቀምጠው ጨርቅ ይሰፉ ነበር።

ሌላው አባቱ የቀበሌ ሊቀ መንበር ናቸው። «ወይ ሃይማኖትህን ወይ ቤቴን» ብለውታል። ምን ላድርግ ይላል። የሞርሲቶ ሴትዮ ደግሞ ልጅ ለማግኘት ስንት ዓመት ጾሜ ጸለይኩ፣ አልሆነም፣ አሁን ጸሎት ሲጀመር ጆሮዬን መድፈን ያምረኛል ትላለች። 

አንዱ ጋቢ አፉ ላይ አድርጎ ነው መሰለኝ ድምፁ ታፍኗል፤ የከምባታ ልጅ መሆኑ ግን ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ካገር ሊወጣ ነው፣ በሞያሌ። ለእናቱ አልነገራትም። «ነግሬያት ልሂድ ወይስ ደርሼ ልጻፍላት?» ይላል። ሳሙኤልን አስታወሰኝ። እሱ ለእማዬ ሳይነግራት ነው የሄደው። ከሞያሌ አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ ዝም። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ዛሬ ቀበሌ ሱቅ ስኳር ተሰልፌ ሳለ ከኋላዬ ያለችው ሴት መዝሙሬን በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። በጆሮዬ ሰማሁት፣ ራሱ ነው። ደስ ብሎኝ ዞር ስል «አንቺ ደግሞ፣ ሰልፉን አታበላሺ!» ብላ በክርኗ ገፋችኝ። እንግዲህ ታዋቂነት ይኼ ነው።

ረቡዕ፣ መስከረም 28

 ይኼን መጻፍ አለብኝ።

የቀረውን ልሰማ ቴፑን ከፈትኩ። አንዲት አሮጊት መጡ። «ልጄ፣ ከጊምቢቹ ነኝ። ስሜን አልናገርም፤ ዘነበች ነኝ» አሉ። ሳቅኩ። ቀጠሉ። «በድምፅሽ ለየሁሽ። ከወንድምሽ ጋር መጥታችሁ ስትዘምሩ ቆጮ በጎመን ያበላኋችሁ ነኝ። ለሳሙኤል ለቅሶ ሳልደርስ ቀረሁ፤ እግሬ አብጦ ነው፣ ሌላ አይደለም። እናትሽ እንዳትቀየመኝ ንገሪልኝ። ነፍሱን ይማር። እንግዲህ ጥያቄዬ፣ ልጄ፣ ያን ሁሉ ኀዘን ተሸክመሽ ይኼን የደስታ መዝሙር በምን አንጀትሽ ዘመርሽው?»

የምን ለቅሶ? እኛ እኮ ለቅሶ አልተቀመጥንም።

መልሼ ሰማሁት። ደግሜ መለስኩት። ለሳሙኤል ለቅሶ ነው የሚሉት።

እማዬ ከጓሮ ጠራችኝ፤ ከእንሰቱ ሥር አረም እየነቀለች ነበር። መጣሁ አልኩ። ሄጄ አብሬያት ነቀልኩ። ምን እንዳወራችኝ አላስታውስም።

ሐሙስ፣ መስከረም 29

ቢሮ አሞኛል ብዬ ወጣሁና በቀጥታ ጋሽ ፊልጶስ ቤት ሄድኩ። የሱሪ ጨርቅ በመቀስ እየቀደዱ ነበር። የሰማሁትን ነገርኳቸው። መቀሱን አስቀመጡት። እውነት አይደለም እንዲሉኝ ፊታቸውን አየሁ፤ እሳቸው ግን መሬት መሬት ያያሉ።

ሁሉም ያውቃል። አጎቴ ያውቃል፣ መዘምራኑ ያውቃሉ፣ የሰፈሩ ግማሽ ያውቃል። ወሬውን ያመጣው ኑረዲን ነው፤ ሻሸመኔ ላይ የሞያሌ ሾፌሮች ነግረውት። ሳሙኤል ድንበሩን ተሻግሮ በበሽታ ሞተ። እዚያው ቀበሩት። የትኛው ቦታ፣ ማን እንደቀበረው የሚያውቅ የለም።

«መቼ?» አልኳቸው።

«የሰማነው ከፋሲካ በኋላ ነው። የእናትሽ ደም ብዛት ያኔ ከፍ ብሎ ነበር፤ ክረምቱ ይውጣ ተባለ። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ መስቀል ደረሰ። በዓል ላይ መርዶ አይነገርም፤ ታውቂያለሽ።»

«ካሴቱን የቀዳነው ግንቦት ላይ ነው።»

መቀሱን መልሰው አነሡት።

«ጋሽ ፊልጶስ፣ ግንቦት ላይ ነው።»

«እሱም ነበረበት» አሉ። «መዝሙሩ ይለቅ ተባባልን። ስንቱ ሰው ይጠብቃል። ብታውቂ ኖሮ ትዘምሪ ነበር?»

«አልዘምርም ነበር።»

«ይኸው።»

ይቺ «ይኸው» አቃጠለችኝ። ወንድሜ አፈር ከለበሰ በኋላ እልል አሰኙኝ። እሳቸው ደግሞ ደጅ ተቀምጠው ጨርቅ ይሰፉ ነበር። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይኼን አውቃለሁ። አባቴ ሲሞት የትምህርት ቤት ልብሴን በነፃ የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ግን ተናድጃለሁ፤ ይቅር ለማለትም አልቸኩልም።

ስወጣ ኑረዲን መኪናውን እያጠበ አገኘሁት። ምንም አላልኩትም፤ አይቶኝ ገባው። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለና «ማርታ…» ብሎ ቀረ። ቀልደኛው ኑረዲን! ስንት ወር እየቀለደ ቤታችን በላ። ቀልዱ ለምን እንደበዛ አሁን ገባኝ።

ዓርብ፣ መስከረም 30

አጎቴ መጣና ከእማዬ ተደብቀን ከእንሰቱ ጀርባ አወራን። ነገ ሳይነጋ ይነገራታል። ሰው ኑረዲን ቤት ይሰበሰብና አብሮ ይገባል። እኔ እስከዚያው እንደወትሮዬ መሆን አለብኝ።

እንደወትሮዬ! አንድ ቀን ሙሉ እማዬን ማየት አቃተኝ። ለመስቀል አተካና፣ የቅቤ ገንፏችንን፣ ስትሠራ የሳሙኤልን ድርሻ ለይታ አስቀምጣ ነበር፤ ባለፈው ዓመትም እንዲሁ። እሱ ሳይመጣ ሲቀር ለጎረቤት ልጆች ትሰጠዋለች፤ ከድርሻው ጋር ያስቀመጠችለትን ቅቤ ግን አታስነካም። ዛሬ ያንን ቅቤ አውጥታ አሸተተችውና «ለከርሞ አይደርስም፣ አዲስ እገዛለታለሁ» አለች። ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ጉንፋን ይዞኛል አልኳት። ጤና አዳም ቆርጣ አመጣችልኝ።

ትናንት ጋሽ ፊልጶስን ያን ሁሉ ተናገርኳቸው፤ ይኸው ዛሬ እኔም እማዬን እየደበቅኋት ነው። በአንድ ቀን እንደነሱ ሆንኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

ተነገራት።

በር ሲንኳኳ እኔ ከፈትኩ። አጎቴ ከፊት፣ ጋሽ ፊልጶስ፣ የሰፈሩ ሴቶች፣ ከሁሉም ኋላ ኑረዲን። እማዬ ተነሥታ መሐል ቤት ቆማ ነበር። ሰዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። በዚህ ሰዓት፣ ይኼ ሁሉ ሰው ለምን እንደሚመጣ ማን ይጠፋዋል? አጎቴ አፉን ሳይከፍት ዓይኗ ኑረዲን ላይ አረፈ።

«አንተም ታውቅ ነበር?» አለችው በሀዲይኛ።

ኑረዲን ሰዉን አልፎ ወደሷ ቀረበ።

«ቤቴ ስትበላ ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ እማዬ» አለ። እሱም እማዬ ነው የሚላት።

ከዚያ በኋላ ወደቀች። ሴቶቹ ያዟት። እኔም ለቅሶዬን ለቀቅኩት፤ ከረቡዕ ጀምሮ ደረቴ ላይ ይዤው ነበር። ሬሳ የሌለው ለቅሶ እንዴት እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ማንን እንደምታቅፍ አታውቅም። እማዬ ፎቶውን፣ ያችን የተማሪነቱን፣ አቅፋ ዋለች።

እሑድ፣ ጥቅምት 2

ሰው እየጎረፈ ነው። ረፋድ ላይ እማማ ዘነበች ከጊምቢቹ መጡ፤ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍረው፣ እግራቸው እንዳበጠ። ሁለት ሰው ደግፎ አስገባቸው። ለቅሶው ያለፈ መስሏቸው እንደነበርና መርዶውን እሳቸው በካሴት እንዳረዱኝ ጋሽ ፊልጶስ የላኩባቸው ሾፌር በመንገድ ነግሯቸዋል። እግሬ ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም።

«ምላሴ ይቆረጥ! ቀድሜ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ልጄ። ሳይለቀስ!»

ደግፌ አነሣኋቸው። ከሁሉም ሰው እሳቸው ናቸው እውነቱን የነገሩኝ አልኳቸው። እሱንም የነገሩኝ ለቅሶ አለመድረስ ነውር ሆኖባቸው ነው። እናቴ አጠገብ ቁጭ ብለው እስኪመሽ አልተነቃነቁም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሰዉ ሳሳ። እማማ ዘነበች ገና አሉ። እማዬ ምንጣፉ ላይ ናት፤ ትንሽ አጥሚት ቀመሰች።

ዛሬ ለጥያቄዎቹ መልስ ቀዳሁ። ጋሽ ፊልጶስ ሌላ ጊዜ ይሁን ብለው ነበር፤ እኔ ዛሬ አልኩ። ጓዳ አልገባሁም። እዚያው እማዬ አጠገብ፣ የስፌት መኪናም ሳይኖር።

ለአንጋጫዋ ልጅ፦ ስዊድን አይደለሁም፣ ቅርብሽ ነኝ። ታዋቂነትን በቅጡ አላውቀውም። የማላውቃቸው ሰዎች ድምፄን አወቁ፤ ቤቴ የገባውን ሞት ግን ከኔ ቀድመው አወቁ። ደስ ይላል ልልሽ አልችልም።

ለሊቀ መንበሩ ልጅ፦ ከቤት ብትወጣም ለአባትህ ሰላምታ አታቋርጥ። የተጣላ ሰው ሲታረቅ አይቻለሁ፤ የሞተ ግን አይታረቁትም።

ለሞርሲቶዋ እህት የምላት አጣሁ። «ጆሮሽን ድፈኚ፣ እኔም ሰሞኑን ደፍኛለሁ» አልኳት። ጋሽ ፊልጶስ አጉረመረሙ። ያጉረምርሙ።

ለከምባታው ልጅ፦ «አትሂድ አልልህም። ግን ንገራት። ተቆጥታ፣ አልቅሳ፣ በር ላይ ተጋድማ ታስቸግርህ። ወንድሜ ሳይነግራት ሄደ፤ እናቴ ያልሸኘችውን ልጅ ነው አሁን የምታለቅሰው። ንገራት።» እዚህ ላይ ድምፄ ተቆረጠ። አላጠፋሁትም።

ዞር ስል እማዬ ቀና ብላ ታየኛለች። «ማን ይሰማዋል ይኼን?» አለች። ሰው ሁሉ፣ እስከ ዱራሜ፣ እስከ ሻሸመኔ አልኳት።

«እኔም ጥያቄ አለኝ።»

ቴፑን ወደ አፏ አስጠጋሁላት። በሀዲይኛ ነው የተናገረችው፤ እኔ በተማርኩበት ቋንቋ እጽፈዋለሁ፦

«ልጄ ሳሙኤል ይባላል። ረጅም ነው፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፣ ልጅ ሳለ ከአጥር ላይ ወድቆ ነው። ሞያሌን የተሻገራችሁ ልጆች፣ አብራችሁት የነበራችሁ፣ እባካችሁ። ሲታመም ውኃ የሰጠው ነበር? ማን ነው የቀበረው? እናቱ ልታመሰግን ነው፣ ሌላ ነገር የለም።»

እማማ ዘነበች ነጠላቸውን ጎርሰው አለቀሱ።

ጋሽ ፊልጶስ እጄን ይዘው ወደ ደጅ አወጡኝ። «ስም ጠራች። ካድሬ እጅ ቢገባ ይኼ ቤት ይታወቃል፣ አንቺም ትታወቂያለሽ። አጥፊው» አሉ። ልክ ናቸው። እኔም እፈራለሁ፤ ይኼን ስጽፍም እየፈራሁ ነው። ግን አላጠፋውም አልኳቸው። አንድ ጊዜ ለካሴቱ ሲባል ተደብቋል፤ አሁን ካሴቱ ለሳሙኤል ይሁን አልኩ። «እሺ» አሉ።

ከእማዬ ድምፅ በኋላ ያለውን ባዶውን ተውኩት። የሚመልስ ካለ እንዲመልስበት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ኑረዲን ዛሬ ጠዋት ወደ ሻሸመኔ ጭኖ ሄደ። ካሴቱን ለሞያሌ ሾፌሮች ይሰጣል። እማዬ ራሷ ናት ያስረከበችው። ከቅዳሜ ወዲህ አላናገረችውም ነበር። በሁለት እጁ ተቀበላትና ከወንበሩ ሥር ሳይሆን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። አልቀለደም። እሷም ያቺን ያልተነካች የሳሙኤል ቅቤ በኮባ ጠቅልላ ለመንገድህ ብላ ሰጠችው። ቅቤውን አጠገቡ አስቀምጦ ሞተር አስነሣ።

እማማ ዘነበችም አብረውት እስከ መገንጠያው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ እማዬ ከምንጣፉ ተነሥታ ደጅ ወጣች፤ ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። መንገዱ ዳር ቆማ ቆየችና ተመለሰች። ኑረዲን መጣ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ገና ዛሬ ጠዋት ነው እኮ የሄደው አልኳት። እውነትሽን ነው አለች። ትንሽ ቆይታ እንደገና ወጣች።