የወሰኑ ጥፊ

እሑድ፣ ኅዳር 7

ማልሁ። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም፣ በቄሱና በሽማግሌዎቹ ፊት፣ እጄን ወንጌሉ ላይ አድርጌ።

ነገሩ የእትዬ ዘውዴና የጎረቤታቸው የአቶ ካሳ የገብስ መሬት ነው። ወሰኑ ከወይራው በላይ ነው ወይስ በታች? የወሰን ድንጋዩን በሽምግልና የተከሉት አባቴ ነበሩ፤ ሞተዋል። ድንጋዩንም ዘንድሮ ጎርፍ ወሰደው። ቀረሁ እኔ። ድንጋዩ በተተከለ ቀን አባቴ፣ ልጅ ምስክር እንዲሆን እንደ ወጉ፣ “እንዳትረሺ!” ብለው በጥፊ አጩለውኛል።

“ከወይራው በላይ ነው” አልሁ። በዚህ ቃሌ ከእትዬ ዘውዴ መሬት ደኅናዋ ቁራጭ ለአቶ ካሳ ሆነች። እትዬ ዘውዴ ባላቸው ከሞተ ወዲህ የሚኖሩት በእሷ ነው። “የተማርሽ ነሽ ልጄ፤ አንቺ ካልሽ ይሁን” ብለው ሄዱ።

ምን ይደበቃል፣ ኮርቼ ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬ ስለ አንጎል አስተማርሁ። ትዝታ ፎቶግራፍ አይደለም፤ ባስታወስን ቁጥር አንጎል ከቁርጥራጭ እንደ አዲስ ይገጣጥመዋል፣ የጎደለውንም ከሰማው ይሞላል። በየዓመቱ የምለው ነው። ዛሬ ግን የራሴን ድምፅ ሰማሁት።

የማስታውሰው፦ ጥፊው። የአባቴ ጋቢ። ወይራው።
የማላስታውሰው፦ ስንት ዓመቴ ነበር? ከማን ጋር ሄድሁ? አልቅሻለሁ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሐሙሲት ከተማ ላለው ታላቅ ወንድሜ ለሙሉቀን ደወልሁ። ሳቀብኝ።

“ምን ሆነሻል? ጥፊውን የቀመስሁት እኔ ነኝ! አንቺማ እናታችን ጀርባ ላይ ነበርሽ። ድንጋዩ ከወይራው በታች ነው።”

እናታችን ይህን ስንቴ አውርታዋለች! የሰማሁትን ያየሁት አደረግሁት። እሱ ሲስቅ እኔ አለቀስሁ። “መምህርቷ በሐሰት ማለች” ሊባል ነው። ዝም ብልስ? ማን ያውቃል? ፈራሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ሽማግሌዎቹም ባለጉዳዮቹም ለበዓሉ እዚያው ደጀ ሰላም ነበሩ። ተናገርሁ፦ አላየሁም፣ ሰምቼ ነው፤ ያየው ወንድሜ ነው፣ ይምጣና ይማል።

“መሐላ እንደ ነጠላ ይገለበጣል እንዴ?” አሉ አቶ ካሳ ተቆጥተው።

“እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” አሉ ቄሱ፤ እኔን ግን ንስሐ ግቢ አሉኝ። ለእሑድ ተቀጠረ።

እትዬ ዘውዴ እግር ላይ ወደቅሁ። አነሱኝ።

“እኔኮ ያን ቀን ታዝለሽ አይቼሻለሁ።”

“ታዲያ አንቱ ለምን ዝም አሉ?”

“አንቺ በወንጌል ስትምዪ ጊዜ፣ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ ብዬ የራሴን ዓይን ተጠራጠርሁት።”

መሬታቸውስ ትመለስ ይሆናል። ዓይናቸውን ግን እንዴት አድርጌ ልመልስላቸው? አሁንም ይህን ስጽፍ ጉንጬን ያቃጥለኛል፣ ባልተመታሁት ጥፊ።