መስኮት የሌላት ክፍል

ጠይባ፣

የመኖሪያ ፈቃድ ለሌለን የሰጡን የምሕረት ጊዜ ሲያልቅ ሁለቱን ክፍል ለቀን ወደዚህች መስኮት የሌላት ክፍል እንግባ ያልሽው አንቺ ነሽ። ለሦስት ሕፃናት ትጠባለች ብዬሽ ነበር።

ዛሬ ከውጭ ቆልፈሽብን ሥራ እንደሄድሽ ዱላ የያዙ ሰዎች መጡ። የጎረቤቶቻችንን በር በመጥረቢያ ሰብረው ወንዶቹን ደረጃው ላይ ቀጠቀጧቸው። የኛን ጓጉንቸር አይተው ሰው የለም ብለው ሊያልፉ ሲሉ ልጅሽ አንዋር ማልቀስ ጀመረ። አፉን በትራስ አፈንኩት። ሲሄዱ ትራሱን ሳነሳው ትንፋሽ አልነበረውም። እስኪጮህ ድረስ በጥፊ መታሁት። ከንፈሩን የሰነጠቀው ቀለበቴ ነው።

ትርፉን ቁልፍ የሰጠሻት መዲና መጥታ ከፈተችልን። ስወጣ አንዋርን ላይ ፎቅ እሷ ጋ እተወዋለሁ።

ደረጃው ላይ ደም አለ፤ ሳታጥቢው ልጁን እንዳታወርጂው።

ሩዙ ድስቱ ውስጥ ነው።

ነገ ደግሞ የማንኛቸውን አፍ እንደማፍን አላውቅም። ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ሹመይሲ፣ ወደ አገር የሚመልሱበት እስር ቤት፣ ሄጄ እጄን ልሰጥ ነው። ኸላስ፣ በቃኝ። ክፍሏ አሁን ትበቃችኋለች።

ስለ ከንፈሩ ወድቆ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። አንዋር ግን ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ እያየኝ ነው። እጄን ከወረቀቱ ባነሳሁ ቁጥር አፉን በሁለት እጁ ይሸፍናል።

ሰዓዳ