በአባታቸው ፊት ልጃቸውን ያላቀፉት መምህር ደምለው ፈረደ

መምህር ደምለው ፈረደ ከአባታቸው ከመሪጌታ ፈረደ አድማሱ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸዋነሽ ገላው በየካቲት ወር 1952 ዓ.ም. በቢቸና ከተማ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። መሪጌታ ፈረደ የቅኔ መምህር፣ ቃላቸው የማይታጠፍ፣ ግቢያቸው በተማሪ የተሞላ ሰው ነበሩ። በዚያ ቤት ሰው በአባቱ ፊት ልጁን አያቅፍም፤ ነውር ነው። መሪጌታ ራሳቸው አባታቸው በሕይወት ሳሉ ልጃቸውን አንስተው አያውቁም። አባታቸው ሲያርፉ ደግሞ ልጁ አድጎ ነበር።

ይህን ታሪክ የጻፈችው የመምህር ደምለው የበኩር ልጅ እፀገነት ናት። ስለ ራሷ የጻፈችው እንደ ሌላ ሰው አድርጋ ነው፤ እንዲያ ሲሆን እጇ ይታዘዝላታል። ወንድሟ ቢያድግልኝ የቤት ነገር በለቀስተኛ ፊት አይነበብ ብሎ ነበር። እናታቸው ወ/ሮ ይርጋነሽ ግን «ይነበብ፤ እሳቸው ራሳቸው ሲናገሩት የኖሩትን ማን ይሸፍነዋል?» ስላሉ እነሆ ይነበባል።

መምህር ደምለው ፊደልና ዳዊት ከአባታቸው እግር ሥር ተማሩ። በ1959 ዓ.ም. በቢቸና ዘመናዊ ትምህርት ጀመሩ። መሪጌታ ነገሩን ባይወዱትም አልከለከሉም። በ1972 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በመጀመሪያ በገጠር፣ በኋላም በቢቸና ከተማ ሂሳብ አስተማሩ። በ1975 ዓ.ም. ከወ/ሮ ይርጋነሽ ምንይሉ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ጎጇቸውን በአባታቸው ግቢ ውስጥ ቀለሱ።

በ1977 ዓ.ም. እፀገነት ተወለደች። «ለልጅ ከሳቁለት፣ ለውሻ ከሮጡለት» የሚለው ተረት በዚያ ቤት ከመነገር አልፎ የሚኖርበት ነበር። ልጅቱ ስታለቅስ አያቷ ወ/ሮ ሸዋነሽ ካልደረሱላት አልቅሳ አልቅሳ ይወጣላታል። እናቷም በአማታቸው በመሪጌታ ፊት ጡት ለመስጠት ካልሆነ አያነሷትም ነበር። መምህር ደምለው እዚያው ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። አፏን የፈታችው ዘግይታ፣ ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲል ነው። ስትፈታም አያቷን «አባዬ»፣ አባቷን «ጋሼ» እያለች ነው። ሰው ግን ጭምት ናት እያለ ያመሰግናት ነበር።

በ1982 ዓ.ም. መምህር ደምለው ወደ ሞጣ ተዛወሩ። መሪጌታ «ልጅቱ የእኔ ናት፤ እናንተ ሌላ ትወልዳላችሁ» አሉ። እምቢ ያለ የለም። እፀገነት ቢቸና ቀረች፤ በዓመቱ ሞጣ ላይ ቢያድግልኝ ተወለደ። ሞጣ ውስጥ የሚታፈር አባት አልነበረምና መምህር ደምለው ልጃቸውን እንደ ልባቸው አቀፉ። የፈተና ወረቀት ሲያርሙ ልጁ ጭናቸው ላይ ነው። በቀይ እስክሪብቶ የተሞነጫጨረ ወረቀት የደረሳቸው ተማሪዎች ዛሬ እዚሁ ለቀስተኛው መካከል ቆመዋል።

ለፋሲካና ለመስቀል ወደ ቢቸና ሲመጡ ልጁን ከመናኸሪያ ጀምሮ ተሸክመውት ይመጣሉ። ከአባታቸው በር ሲደርሱ ያወርዱትና በእጁ ይዘውት ይገባሉ። እፀገነት በአጥሩ ቀዳዳ ታይ ነበር። ስለዚህ አባቷ ልጅ ማቀፍ የማያውቁ ሰው እንዳልሆኑ ታውቃለች። ባታውቅ ይሻላት ነበር። ቢያድግልኝ ሲወድቅ እየጮኸ ወደ አባቱ ይሮጣል፤ እፀገነት ስትወድቅ ጉልበቷን አራግፋ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ይህንንም ጉብዝና አሉት።

ወ/ሮ ሸዋነሽ በ1987 ዓ.ም.፣ መሪጌታ ፈረደ ደግሞ በ1989 ዓ.ም. ዐረፉ። ከተስካሩ በኋላ፣ ቤቱ ሰው ሲወጣለት፣ መምህር ደምለው እጃቸውን ዘርግተው «ነይ ልጄ» አሏት። ሄዳ ቆመች። አቀፏት። እጆቿ ግን እንደተንጠለጠሉ ቀሩ። «ምነው ጋሼ፣ አመመዎት?» አለቻቸው። ትከሻዋን መታ መታ አድርገው ለቀቋት። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ወደ ሞጣ ወስደው አስተማሯት። ምግብ፣ ልብስ፣ ደብተር አልጎደለባትም፤ ሂሳብም ማታ ማታ ራሳቸው ያስጠኗት ነበር። አባዬ በይኝ አላሏትም፤ እሷም ጋሼ ማለቷን አልተወችም። ሁለቱም ጨዋ ስለነበሩ በቤቱ ጠብ ተሰምቶ አያውቅም።

በ2007 ዓ.ም. እፀገነት ስጦታው የተባለ ወንድ ልጅ ወልዳ በወላጆቿ ቤት ታረሰች። አንድ ቀን ወ/ሮ ይርጋነሽ ገበያ ወጥተው ሳለ ሕፃኑ አምርሮ አለቀሰ። መምህር ደምለው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። እፀገነት ከአልጋው አጠገብ ቆማ ታየዋለች።

«አንሺው እንጂ» አሏት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ባሉበት?»

ሕፃኑ ይጮሃል። «አንቺም እንዲሁ ስታለቅሺ እኔ ተቀምጬ እሰማ ነበር፤» አሉ መምህር ደምለው። «አባቴን አፈርኩ። አንቺ እኔን አትፈሪኝ። በእኔ ፊት አንሺው።»

አነሳችው። ሕፃኑ ዝም እስኪል ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ነገር ለማንም ይናገሩት ነበር፤ በወላጆች ስብሰባ ላይ ሳይቀር አባቶችን «ልጆቻችሁን አባቶቻችሁ እያዩ እቀፉ» ይሏቸው ነበር፤ ሰውም ይስቅ ነበር። ስጦታውን በጋቢያቸው ሸፍነው በሞጣ መንገድ ላይ ሲዞሩ «መምህር ሞግዚት ሆኑ እንዴ?» ሲሏቸው «ዘግይቼ ተቀጠርኩ» ይሉ ነበር። ስጦታው አፉን የፈታው ዓመት ሳይሞላው ነው፤ እስካሁንም ዝም አላለም።

መምህር ደምለው በ2012 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። በ2016 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ተይዘው በባሕር ዳር ሲታከሙ ከቆዩ በኋላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሲደክሙ ያስታመመቻቸው እፀገነት ናት። አንሶላ ለመቀየር ከአልጋ ስታነሳቸው ክንዳቸውን አንገቷ ላይ ይጥላሉ። ካደገች ወዲህ አባቷን ያቀፈችው ያን ጊዜ ነው፤ ያውም ለአንሶላው ሲባል። ምን ተሰማሽ ብትባል ልትናገር የምትችለው ክብደታቸውን ብቻ ነው፤ ቀለው ነበር። አንድ ቀን አንሶላው ተቀይሮ ካበቃ በኋላም ክንዳቸውን አላነሱም። እሷም አላስተኛቻቸውም።

መምህር ደምለው ፈረደ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት፣ የአንድ ልጅ አያት ነበሩ። ቢያድግልኝ ከትናንት ጀምሮ እያለቀሰ ነው። እፀገነት እስካሁን አላለቀሰችም፤ ለቀስተኛው አይታዘባት፤ የሚመጣ ከሆነ ይመጣል። በሕመማቸው ለጠየቃችሁ፣ ዛሬም ለቀብር ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

ጻድቃን የሚያርፉት በአብርሃም እቅፍ ነው ብለው ያስተማሩን እነመሪጌታ ፈረደ ናቸው። ጌታ ሆይ፣ አባታችንን መምህር ደምለውን በአብርሃም እቅፍ አኑርልን፤ መሪጌታም ከፊታቸው ቆመው ይዩአቸው፤ በዚያ የሚያፍር አይኑር። አሜን።