ለጌም ቤትሽ የመረጥኩት ካርድ

ውድ ልጄ ኢስራ፣

ሰላምታ አላበዛም፤ ቸኩያለሁ። ይህን የምትጽፍልኝ ሙፊዳ ናት፤ የሐርቡ ልጅ፣ እዚህ ኩዌት፣ ፋሐሂል የሴቶች ጸጉር ቤት የምትሠራ። ነገ ወደ አገር ትሳፈራለች። ኮምቦልቻ ስትደርስ ይህን ደብዳቤና አንድ ሳጥን ትሰጥሻለች። ሳጥኑን እንዳትከፍቺው፤ መጀመሪያ አንብቢ። «ጋሼ፣ ይቺን ቃል ላለስልሳት?» ባለችኝ ቁጥር «ያልኩትን ጻፊ!» ብያታለሁ። ስለዚህ ሻካራ ነገር ካገኘሽ የእኔ ነው፣ በእሷ አታሳቢ።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው የግራፊክስ ካርድ ነው። አዎ፣ በትክክል ነው ያነበብሽው። አባትሽ የጌም ካርድ መርጦ ገዛ። እንዴት ያለ ካርድ ደግሞ! ወላሂ ሦስት ቀን ሙሉ የማወራው ስለሱ ብቻ ነው። መኽዘኑ፣ መጋዘኑ ውስጥ አብረውኝ የሚጠብቁት ዘበኞች እኔን ሲያዩ መንገድ መቀየር ጀምረዋል።

በዘመዳችን በለሚን ኒካህ ቀን የተናገርኩትን አልረሳሁም። አንቺም አልረሳሽም። ሁለት ዓመት ሆነው። አጎትሽ ሀሩን ቤት ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ስልኩን ላውድ አድርገውት፣ «ኢስራ እኮ ባንኩን ለቃ ጌም ቤት ከፈተች» አሉኝ። እኔ ደግሞ «የቁማር ቤት ከፈተች በሉኝ እንጂ! አስተምሬ አስተምሬ ዱርዬ ሰብሳቢ ሆነችልኝ» አልኩ። ሰው ሳቀ። አንቺ ስልኩን ተቀብለሽ «አባ፣ አንድ ቀን እንኳን መጥተህ ሳታይ?» አልሽና ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ «ዒድ ሙባረክ» ከመባባል በቀር ምን ተነጋገርን? እኔ አልደውልም አልኩ። አንቺም የእኔ ልጅ ነሽና አልደወልሽም።

ባለፈው ሳምንት ሀሩን የስፌት መኪናውን አቁሞ ደወለልኝ። «ኢስራ ተቸግራለች» አለኝ። ፊት ለፊትሽ አዲስ ጌም ቤት ተከፍቶ ደንበኞችሽ መንገዱን እየተሻገሩ መሆኑን፣ አንቺም እነሱን ልትመልሺ ያን ትልቅ ባለ ፎር ኬ ስክሪን መግዛትሽን፣ ኮምፒውተርሽ ውስጥ ያለው አሮጌ ካርድ ግን ስክሪኑን አልችል ብሎ ምስሉ እንደሚንተባተብ ነገረኝ። የሰፈሩ ጎረምሶች «የኢስራ ስክሪኑ ሙሽራ፣ ኮምፒውተሩ ባልቴት» እያሉ ይቀልዳሉ አለ። የዒዱ የጌም ውድድር ካልተሳካልሽ ቤቱን እዘጋለሁ ማለትሽንም ነገረኝ። ለእኔ እንዳይነግረኝ እንዳስማልሽውም ጭምር ነገረኝ! ሀሩን ወንፊት ነው፤ ምስጢር አያቁርም።

ልቤ መጀመሪያ ምን እንዳለ ልንገርሽ? «አላልኳትም?» አለ። አልደብቅሽም። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር ያንገበግበኝ ጀመር። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት በትሬላ ከሹዌኽ ወደብ ኮንቴይነር ያመላለስኩ ሰው ነኝ። መኪና የማይችለውን ጭነት ሲጭኑበት አይቼ ዝም ብዬ አላውቅም። ትልቅ ስክሪን በደካማ ካርድ ማለት ሃያ ቶን በፒካፕ ማለት ነው። ጥፋቱ የጭነቱም የሾፌሩም አይደለም፣ የሞተሩ ነው። ሞተር መምረጥ ደግሞ የማንም ሙያ አይደለም፣ የእኔ ነው!

«ሀሩን» አልኩት፣ «የኮምፒውተሯን ሆድ ለካልኝ።» እዚህ ራይ ሰፈር ያሉት የመለዋወጫ ሱቆች ያስተማሩኝ ይሄንን ነው፤ ዕቃውን ከማየትህ በፊት የሚገባበትን ቦታ ለካ። አንቺ የሌለሽበትን ሰዓት ጠብቆ ከነሜትሩ ገባና «ሠላሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር» አለኝ። የፓወር ሰፕላዩንም ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ላከ። ተደብቆ ስለገባ ተቆጪው፤ የላክሁት እኔ ብሆንም ተቆጪው።

ሰኞ በአውቶቡስ ፋሐሂል ወረድኩ። ሙፊዳ በጠቆመችኝ የኮምፒውተር ሱቅ ጌዲዮን የሚባል የአዳማ ሰው ይሠራል። ጢሙ የተከረከመ፣ ምላሱ ያልተከረከመ።

«ፋዘር፣ ምን ልታዘዝ?»

«ካርድ።»

«የሞባይል ካርድ ማዶ ነው የሚሸጠው።»

«ሽበቴን አይተህ ነው? የጌም ካርድ ነው የምልህ! ለፎር ኬ!»

ቀና ብሎ አየኝ። «ለማን ነው?»

«ለልጄ። ሥራዋ ነው።»

ኢስራ፣ «ሥራዋ ነው» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ራሴም ሰማሁት። ከዚያ በፊት ብዬው አላውቅም።

«እንግዲህ ካለህ ሁሉ የሚከብደውን አምጣ» አልኩት።

«ካርድ በኪሎ አይሸጥም እኮ፣ ፋዘር።»

«ትልቅ ራዲያተር ሞተር ያቀዘቅዛል። እኔን ልታስተምር ነው?»

«እሱስ አልተሳሳትክም» አለና ሳቀ። ከዚያ አስረዳኝ። ፎር ኬ ማለት አራት ተራ ምስል ጎን ለጎንና ላይና ታች ተጋጥሞ አንድ ሲሆን ነው። ካርዱ ያን ሁሉ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስድሳ ጊዜ መሣል አለበት። የሚስለውን ነገር የሚይዝበት የራሱ ሜሞሪ አለው፤ ለፎር ኬ «ከአስራ ስድስት ጊጋ እንዳትወርድ» አለኝ። አንቺ ይሄን ታውቂዋለሽ። እኔ ግን ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ ምን ላድርግ!

«ወሬው ይብቃን፤ አሳየኝ» አልኩት።

«ሥራህ ምንድን ነው፣ ፋዘር?»

«የትሬላ ሾፌር ነበርኩ። ዕድሜህ ገፍቷል ብለው ከመሪ አወረዱኝ። አሁን መኽዘን እጠብቃለሁ።»

«በል ና ተቀመጥ!»

እውነተኛ የሚመስል መሪ ያለበት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ፔዳል አለው፣ ማርሽ አለው። ስክሪኑን ሲከፍተው፣ ልጄ፣ ትሬላ ውስጥ ነኝ! ዝናብ ይዘንባል። ጠብታው እያንዳንዱ በመስታወቱ ላይ ሲንሸራተት፣ መጥረጊያው ሲመጣ ሲሰበሰብ ይታየኛል። በሩቁ ኮረብታ ላይ ቤቶች አሉ፤ የቤቶቹን መስኮት መቁጠር ትችያለሽ። ከፊቴ ያለው መኪና ከሩቅ ፍሬን ሲይዝ መብራቱ ቀላ፤ እግሬ ሳላዘው ፍሬን ላይ ሄደ። ሦስት ዓመት መሪ አልጨበጥኩም ነበር። ሙፊዳ «እዚህ ላይ አለቀስኩ ልበል?» ትለኛለች። አላለቀስኩም። ጮህኩ እንጂ! «ያ ረቢ! ይሄ መንገድ ነው!» ብዬ ጮህኩ። በሱቁ ያሉት የኩዌት ጎረምሶች ከበቡኝ። «ያላ ያ ሐጂ!» እያሉ በስልክ ይቀርጹኛል። ዘወር ብዬም አላየኋቸው፤ ጭነት ይዣለሁ።

በመጀመሪያው ካርድ፣ ስምንት ጊጋ ባለው፣ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ መልካም ነበር። ከተማ ገብቼ ስታጠፍ ግን አንድ ነገር አየሁ።

«አቁም! መስታወቱ ዘገየ!»

«የቱ መስታወት?» አለ ጌዲዮን።

«የግራው የኋላ ማሳያ። ከኋላዬ ያለው መኪና እዚያ ነበር፣ ድንገት እዚህ ሆነ። በመካከል ያለውን መንገድ የት አደረሰው? መስታወት ሲዘገይ ሰው ይሞታል!»

ጌዲዮን ጥግ ላይ ያለውን ቁጥር አየና አፉን ያዘ። ከስድሳ ወደ ሃያ ምናምን ወርዷል። «ፋዘር፣ ቁጥሩን ሳታይ እንዴት አወቅህ?»

«ቁጥር አላነብም። መንገድ ግን አነባለሁ።»

ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ! ትልቁን፣ ባለ ሦስት ፋኑን አስገጠምኩት። ታጠፍኩ፣ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ አደባባይ ዞርኩ፤ መስታወቱ ንቅንቅ አላለም። «ይሄ ነው!» አልኩ። ጌዲዮን አንዲት አጭር ባለ ሁለት ፋን ካርድ አንስቶ «ይቺንም ሞክራት፣ አስራ ስድስት ጊጋ አላት» ቢለኝ «ይቺማ ጸጉር ማድረቂያ ናት፣ ለሙፊዳ ስጣት» ብዬ ሳቅኩበት። አልሞከርኳትም። «ቦታው ስንት ይይዛል?» አለኝ። «ሠላሳ ሁለት።» ትልቁ ሠላሳ አንድ ነው። ፓወር ሰፕላዩም በፎቶው አይቶ ይበቃል አለ። ከነላስቲኩ ያልተከፈተውን ገዛሁና እንደ ሕፃን አቅፌው ወደ ሹዌኽ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ከዙሁር ሶላት በኋላ ልፎክርበት ብዬ ለሀሩን ደወልኩ።

«ሠላሳ አንድ ሳንቲ ሜትር! አንተ ከለካኸው በአንድ ብቻ የሚያንስ!»

«ማሻአላህ፣ እንዳይጠብ ብዬ ለስፌቱ የሚተወውን ጨምሬ መንገሬ ጠቀመ» አለኝ።

«የምን ስፌት?»

«በዚህ ሁለት ጣት፣ በዚያ ሁለት ጣት። ሁልጊዜም እተዋለሁ። ሲጠብ እኮ ሰው ይቀየማል።»

«ሀሩን! ብረት ነው! ብረት ይተረተራል? ብረት ይሰፋል?»

«ታዲያ ሰው ጠፍቶ ነው ለልብስ ሰፊ ያዘዝከው?» ብሎ እሱ ተቆጣኝ!

ሄዶ እንደገና በማስመሪያ ለካ። ሃያ ስድስት። ትልቁ ካርድ ከነውበቱ ሆድሽ ውስጥ፣ ማለቴ ኮምፒውተርሽ ሆድ ውስጥ አይገባም። ሙፊዳ ደግሞ ሐሙስ ትበራለች። ከእሷ በኋላ እስከ ውድድሩ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ ሰው አላውቅም።

ዛሬ ረቡዕ ሥራዬን አስረክቤ በቀጥታ ፋሐሂል ሄድኩ። አውቶቡሱ አዘገየኝና ስደርስ ሱቁ ለቀትር ተዘግቷል፤ እስከ አስር ሰዓት አይከፈትም። ሳጥኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሙቀቱን አልነግርሽም። አንድ ሰው ለማኝ መስዬው ሳንቲም ሊሰጠኝ እጁን ኪሱ ከተተ፤ ባየሁት አስተያየት እጁን እዚያው ተወው። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ቢሉኝስ?

ጌዲዮን መጣ። «ፋዘር! ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለኸው?»

«የሳጥኑን ላስቲክ አልነካሁትም» አልኩት። ሳጥኑንም አቀበልኩት።

የሀሩንን ነገር ስነግረው ግድግዳ ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ። ሙዲሩ፣ የሱቁ አለቃ፣ ዘንድ ይዞኝ ገባና በአረብኛ አወራለት፤ ሙዲሩም «የልብስ ሰፊው?» እያለ መልሶ መላልሶ ጠየቀ። ተስማማ። ያቺኑ አጭሯን አመጣልኝ። ሃያ አራት ሳንቲ ሜትር።

«እውነቱን ንገረኝ» አልኩት ጌዲዮንን፣ «ሁለቱ እኩል ናቸው?»

«አይደሉም። ትልቁ ይበልጣል። ይቺኛዋ ላይ ጥላውን አንድ ደረጃ ዝቅ ታደርጋለህ፣ ሌላው እንዳለ ይሄዳል። ሞክራት።»

መሪው ላይ ተቀመጥኩ። ዝናብ ውስጥ ነዳሁ፣ ከተማ ገባሁ፣ ያ የመጀመሪያው ካርድ የዘለለበት መታጠፊያ ላይ ሆን ብዬ ሦስት ጊዜ ታጠፍኩ። መስታወቱ ከእኔ ጋር ነው። ከኋላዬ ያለው መኪና መንገዱን ሁሉ በሥርዓት ረግጦ መጣ። ከመሪው ላይ ተነሥቼ ጌዲዮንን አቀፍኩት። ላቤ ሸሚዙን አበላሸው።

ያቺን ካርድ ሳላያት ነው የናቅኋት። ሳላይ ስፈርድ ይሄ ሁለተኛዬ ነው።

አሁን ስሚኝ። ጌዲዮን ያለውን በቃሌ አጥንቻለሁ። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀይ። ብረት ነክተሽ እጅሽን አጽጂ። ካርዱ ቀጭ እስኪል ግፊው፤ አትፍሪው። የኃይል ገመዱ እስከ መጨረሻው ይግባ። የስክሪኑን ኬብል የምትሰኪው ካርዱ ላይ ነው፤ የድሮው ቦታ ላይ ከሰካሽው ካርዱ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሲከፈት ስክሪኑን ፎር ኬ ላይ አድርጊው፣ ጥላውን አንድ ደረጃ ዝቅ። ሀሩን ለማገዝ ልምጣ ካለ በር ላይ አቁሚው።

ካርዱ ጉቦ አይደለም። ልትቀየሚኝ ብትፈልጊም ግጠሚው፤ ቅያሜሽና ካርዱ አይገናኙም።

ይህን ደብዳቤ ግን ብቻሽን አንብበሽ አታስቀምጪው። በለሚን ኒካህ ቀን የሳቁትን ሰዎች ሀሩን ቤት ሰብስቢያቸው። ሀሩን ይቁምና ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። ሰው ፊት ያዋረድኩሽን በሹክሹክታ አልመልስም። ከዚህ በታች ያለውን ደግሞ ሁለት ጊዜ ያንብበው፦

እኔ አብዱልዋሂድ እንዲህ እላለሁ። ልጄ ኢስራ የቁማር ቤት አልከፈተችም፤ ሥራ ነው የከፈተችው። እኔ ሳላይ ተናገርኩ። አሁን አየሁ። ከእናንተ ማንም «አባቷ እንኳን…» ብሎ አፉን እንዳይከፍት፤ አባቷ ከእሷ ጋር ነው።

ለዒዱ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ኢንሻአላህ ከሰጡኝ ውድድሩ ላይ ስሜን ጻፊ። እንደ ሰው ተሰልፌ እገባለሁ፤ አባቴ ነው ብለሽ ከፊት ካስቀደምሽኝ እንጣላለን። እነዚያ ጎረምሶች ግን ከአሁኑ ይለማመዱ በያቸው።

ሙፊዳ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ታየኛለች። «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ አጽፈኸኝ ይቅርታ የምትለዋን ቃል አንድም ጊዜ አላልካትም እኮ» ትለኛለች።

ጻፊያት።

ይቅር በይኝ፣ ልጄ።

አባትሽ አብዱልዋሂድ
ኩዌት፣ ሹዌኽ